የመጽሐፍ አካል፤ በቱርሚ ስለ ተነሣ አንድ ጥያቄ

፩፤ ጥያቄው እንዴት ተነሣ

በቱርሚ የእጅ ሥራዎችን ለመመዝገብ በሄድን ጊዜ የያዝነው ቅጽ ብዙ ክፍሎች ነበሩት። የቤት ዕቃ፣ ጌጥ፣ ልብስ፣ የሙዚቃ መሣሪያ እያለ ይወርድና በመጨረሻው ላይ «መጻሕፍትና ጽሑፎች» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። ሌሎቹን ክፍሎች ስንሞላ ብዙ ተከራክረናል፤ አንዱ ዕቃ ከጌጥ ይቈጠር ወይስ ከልብስ በሚለው ነገር ብቻ ግማሽ ቀን ያህል አልፎብናል። ወደ መጨረሻው ክፍል ስንደርስ ግን ያለ አንዳች ክርክር «የለም» ብለን ጽፈን ቅጹን አጠፍነው።

ክርክሩ የመጣው ወደ ኮሌጃችን ከተመለስን በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱ በመጽሐፍ ቅርጽ ስለሚሠሩ የውጭ አገር ቀራጺዎች የሚናገር፣ ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ ይዞ መጣና ከብረት የተሠራ፣ ለንባብ የማይሆን አንድ «መጽሐፍ» አሳየን። ይህ የመጽሐፍ ጥበብ ከተባለ፣ እኛ በቱርሚ «የለም» ብለን የጻፍነው ምን ስለሌለ ነው? ፊደል ስለሌለ ነውን? ወይስ ወረቀት ስለሌለ? ወይስ መጽሐፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ራሳችንም በደንብ ሳናውቀው ነው የጻፍነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ በመጀመሪያ የቀራጺዎቹን ሥራ፣ ቀጥሎ በአገራችን የመጽሐፍ አሠራር ምን እንደሚመስል፣ በመጨረሻም በቱርሚ ያየነውን በቅደም ተከተል እናብራራለን። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. ብለን ለይተናል።

፪፤ በመጽሐፍ ቅርጽ የሚሠሩ ቀራጺዎች

በውጭ አገር መጽሐፍን ለቅርጻ ቅርጽ ሥራ የሚጠቀሙ ጥበበኞች ዛሬ ብዙ ናቸው። ሥራቸውን ለማስረዳት ያመች ዘንድ በሁለት ወገን እንከፍላቸዋለን።

አንደኛው ወገን እውነተኛውን መጽሐፍ ወስዶ የሚቀርጽ ነው። አሜሪካዊው ብራያን ዴትመር አሮጌ ኢንሳይክሎፔዲያዎችንና መዝገበ ቃላትን ዳር ዳራቸውን አጣብቀው፣ ሐኪም ለቀዶ ጥገና በሚይዘው ዐይነት ስለታም ቢላዋ ገጽ በገጽ እየፈለፈሉ፣ የሚፈልጉትን ሥዕልና ቃል ብቻ ትተው ሌላውን ያነሣሉ። በካናዳ የኩቤክ ተወላጅ የሆኑት ጊ ላራሜ ደግሞ የተደረደሩ መጻሕፍትን እንደ ድንጋይ ጠርበው ተራራና ሸለቆ ያወጡባቸዋል።

ሁለተኛው ወገን መጽሐፍን ሳይነካ የመጽሐፍን ቅርጽ በሌላ ነገር የሚሠራ ነው። ጀርመናዊው አንሰልም ኪፈር ከ1985 እስከ 1989 ባለው ጊዜ 200 ያህል ትልልቅ መጻሕፍትን እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት ሠርተው በብረት መደርደሪያ ላይ ደረደሯቸው። እንግሊዛዊቷ ሬቸል ዋይትሪድ በቪየና ከተማ፣ ናዚዎች ስለ ገደሏቸው 65,000 የኦስትሪያ አይሁድ መታሰቢያ፣ ከሲሚንቶ የተሠራ ቤት አቆሙ፤ ግድግዳው በመጻሕፍት መደርደሪያ ቅርጽ የተሠራ ሲሆን መጻሕፍቱ ሁሉ ጀርባቸውን ወደ ውስጥ አዙረዋልና የማንኛቸውም ርእስ አይታወቅም። ይህም መታሰቢያ በ2000 ተመረቀ። በበርሊንም የእስራኤል ተወላጅ የሆኑት ሚካ ኡልማን በ1995 ባዶ መደርደሪያዎች የተሞላ ክፍል ከአደባባዩ መሬት በታች ሠርተው በመስተዋት ከደኑት። መደርደሪያዎቹ 20,000 መጻሕፍት የሚይዙ ናቸው። ቦታውም በግንቦት ወር 1933 ናዚዎች መጻሕፍትን ያቃጠሉበት አደባባይ ነው።

እነዚህን ሥራዎች ስንመለከት አንድ ነገር እንረዳለን። የኪፈር መጽሐፍ እንደ ሌላው መጽሐፍ አይነበብም፤ የዋይትሪድ መጽሐፍ አይገለጥም፤ የኡልማን መጽሐፍ ጭራሹን የለም። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ሁሉ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ይህም የሚሆነው መጽሐፍ ቃል ብቻ ሳይሆን አካልም ስላለው ነው። የመጽሐፍ አካል ስንል የተሠራበት ነገር፣ መጠኑ፣ ክብደቱ፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት መንገድ፣ የሚቀመጥበትና የሚያዝበት ሥርዐት ማለታችን ነው። ቃሉን የሚሰጠው ደራሲ ነው፤ አካሉን የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ቀራጺዎቹም የሚሠሩት በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ ነው።

፫፤ በአገራችን የመጽሐፍ አካል አሠራር

ብዙዎቻችን መጽሐፍን ያወቅነው በሚሲዮን ወይም በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በማተሚያ ቤት ተባዝቶ የመጣ ወረቀት ሆኖ ነው። ስለዚህ የመጽሐፍ አካል በእጅ የሚሠራ ጥበብ መሆኑን ለማስተዋል ዘግይተናል። በአገራችን ግን ይህ ጥበብ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ የቈየ ነው።

ሥራው ከፍየል ይጀምራል። በግና ጥጃም ያገለግላሉ፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ነው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ለጥቂት ቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፍና በእንጨት መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በገመድ ይወጥረዋል። ሥጋውንና ስቡን ፍቆ፣ ጠጉሩን ላጭቶ፣ በሻካራ ድንጋይ ያለሰልሰዋል። ቆዳው ተወጥሮ ስለሚደርቅ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። ለትልቅ መጽሐፍ ከአንድ ቆዳ የሚወጣው አንድ ጥንድ ቅጠል ብቻ ቢሆን፣ 200 ቅጠል ላለው መጽሐፍ 100 ፍየል ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ መጽሐፍ ገና ፊደል ሳይነካው የአንድ ባለጸጋ በረት ነው።

ከዚህ በኋላ ብራናው ተቈርጦ፣ ታጥፎ፣ በወስፌ ተበስቶ ያለ ቀለም ይሰመራል። ጸሐፊው በመቃ ብርዕ ይጽፋል፤ ለአብዛኛው ጽሑፍ ጥቁር፣ ለቅዱሳን ስሞችና ለአርእስት ቀይ ቀለም ይጠቀማል። ጽሑፉ ሲያልቅ አራት ወይም አምስት የታጠፉ ጥንዶች አንድ ላይ ሆነው አንድ ጥራዝ ይሆናሉ። ጥራዞቹም በሰንሰለት ስፌት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ክሩም ከዋንዛ፣ ከወይራ ወይም ከሌላ እንጨት በተጠረቡት በሁለቱ ገበታዎች ጠርዝ ላይ በተበሱት ቀዳዳዎች አልፎ ይታሰራል። ይህ ዐይነት ስፌት በጥንቱ በግብፅ ቅብጦች መጻሕፍት ላይም የሚታይ ሲሆን በአገራችን እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ መቈየቱ የሊቃውንትን ትኩረት ስቧል።

ገበታው ራቁቱን የሚቀርበት መጽሐፍ ብዙ ነው። ላቅ ያለ ክብር የተሰጠው ግን በቀይ ወይም በቡናማ ቆዳ ይለበጥና ደጓሹ ብረቱን በእሳት እያጋለ በቆዳው ላይ መስመር፣ ጥልፍልፍና መስቀል ያትምበታል። የጀርባው ራስና ግርጌም በቆዳ ጉንጉን ይታሰራል። በመጨረሻ መጽሐፉ ማንገቻ ባለው የቆዳ ማኅደር ውስጥ ይገባል። በቤተ ክርስቲያንም እንደ ዛሬው ቤተ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ አይቆምም፤ በግድግዳ ላይ ባለ ችንካር ይንጠለጠላል፤ መንገድ ሲኬድም በትከሻ ይነገታል።

ከአድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ለዚህ ጥበብ ጥንታዊነት ትልቅ ምስክር ናቸው። የብራናው ዕድሜ በራዲዮ ካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። ከእነርሱም የአንዱ ገበታ በወርቅ በተቀባ መዳብ የተለበጠና መስቀል የተቀረጸበት ሲሆን፣ ከመጽሐፋቸው ሳይለዩ ከቈዩ የዓለም የመጽሐፍ ሽፋኖች ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የጸሐፊውም ስም አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። እንጨቱን የጠረበውና ቆዳውን የደጐሰው ሰው ስም ግን በአብዛኛው አይገኝም። የአገራችን የመጽሐፍ ቀራጺ ስም የሌለው ቀራጺ ነበር።

፬፤ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት እንጨትና በቁመት የተለካ ብራና

የመጽሐፍን ቅርጽ ወስዶ ሌላ ነገር መሥራትም በአገራችን አዲስ አይደለም። በተለይ በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ በአንገት የሚንጠለጠሉ ትንንሽ የእንጨት ሥዕሎች ይሠሩ ነበር። ሁለት የእንጨት ገበታዎች በጠርዛቸው ተበስተው በክር ይያያዛሉ፤ በውጭ በኩል መስቀልና ጥልፍልፍ ይቀረጽባቸዋል፤ ሲከፈቱም በውስጥ በአንዱ ወገን እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ሌላ ቅዱስ ተሥሎ ይታያል። የሚከፈተውና የሚዘጋው ልክ እንደ መጽሐፍ ነው፤ የሚነበብ ቃል ግን ከጥቂት ስሞች በቀር የለበትም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የዚህ ዐይነት ሥዕሎችን ያየ ሰው፣ ሠሪው የመጽሐፍን አካል ከቃሉ ለይቶ እንደ ቀረጸ ይገነዘባል።

እንደዚሁም ረዥም ብራና እንደ ሰንሰለት እየታጠፈ የሚሠራው ሰንሱል አለ፤ ሲዘጋ በመዳፍ ይያዛል፤ ሲዘረጋ ሥዕሎቹ በተርታ ይታያሉ።

ከሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን የሚጠቅመን ግን ክታብ ነው። ለሕመም መከላከያ የሚሆነው ጥቅል ክታብ የሚሠራው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቀው ዘንድ ብራናው እየተቀጠለ እንደ ቁመቱ ይረዝማል። ደብተራው የባለቤቱን የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይጽፍበታል፤ ዐይኖች፣ ኮከቦችና መላእክት ይሥልበታል፤ ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና ይታሰራል። ባለቤቱ ሞቶ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ይገባበታል። የክታቡ ባለቤት ብዙ ጊዜ ማንበብ የማይችል ሰው ነው። እንግዲህ ክታብ ባለቤቱ የሚያነበው መጽሐፍ ሳይሆን የሚለብሰው መጽሐፍ ነው፤ ኀይሉም በቃሉ ብቻ ሳይሆን በመጠኑ፣ በሥዕሉና ከሰውየው አካል ጋር ባለው ግንኙነት ነው።

፭፤ የዘመናችን ጥበበኞች

ይህን ውርስ ያስተዋሉ የዘመናችን ጥበበኞች አሉ። በ1937 በአዲስ አበባ የተወለዱት እስክንድር ቦጎሲያን በለንደንና በፓሪስ ከተማሩ በኋላ ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆኑ። እርሳቸው በሸራ ብቻ ሳይወሰኑ በብራናና በዛፍ ቅርፊት ላይም ሠርተዋል፤ የክታብንም ቅርጽና ምልክት ወደ አዲሱ ሥዕል አግብተዋል። ከማረፋቸው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2001፣ ከሠዓሊና ቀራጺ ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆነው በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ቅርጻ ቅርጽ ሠሩ። በዚህ ሥራ ላይ የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የሥራ ዕቃዎችና የአገር ዕፅዋት አንድ ላይ ተያይዘዋል። ቀድሞ በብራና ጠርዝ ላይ ይታይ የነበረው ጥልፍልፍ እዚህ የሕንፃ ግድግዳ የሚያህል ብረት ሆኗል።

በ1941 የተወለዱት ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ ቀጫጭን የቀርከሃ ቁራጮችን ጐን ለጐን ገጥመው በላያቸው ይሥላሉ፤ ሥራቸውን ከሩቅ ያየ ሰው የተዘረጉ ክታቦች ይመስሉታል። የእስክንድር ደቀ መዝሙር የነበሩት ወሰኔ ኮስሮፍም የፊደልን ቅርጽ ከንባቡ አላቅቀው የሥዕል አካል አድርገውታል።

እነዚህ ጥበበኞች ከፍ ብለን ከከፈልናቸው ከሁለቱ ወገኖች ከፊተኛው የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ጥንታዊውን መጽሐፍ ቈርጠው አልሠሩም። ይህም ትክክል ይመስለናል። ዴትመር የሚቀርጹት ኢንሳይክሎፔዲያ በማተሚያ ቤት በብዛት የታተመ ነው፤ አንዱ ቢቈረጥ ወንድሞቹ በሌላ ቤት አሉ። የብራና መጽሐፍ ግን ወንድም የለውም። ጽሑፉ በሌላ ብራና ላይ ቢገኝ እንኳ ያ ስፌት፣ ያ ድጉስ፣ በጠርዙ ላይ የቀረው የሰም ነጠብጣብ፣ ያስጻፈው ሰው ስም በሌላ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ በአንዱ አገር ጥበብ የሚባለው አደራረግ በሌላው አገር ጥፋት ሊሆን ይችላል።

፮፤ ወደ ቱርሚ ስንመለስ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ቱርሚ በደቡብ ኦሞ በሐመር ምድር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ገበያዋ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ያገናኛል። ዛሬ በቱርሚ ትምህርት ቤት አለ፤ የሐመር ልጆች ደብተር ይዘው ሲሄዱ አይተናል። እኛ «የለም» ስንል ስለ ቀድሞው የእጅ ሥራ መናገራችን ነበር። እስቲ በዚያው ወሰን ውስጥ ሆነን ያየነውንና የተማርነውን እንመርምር።

በሐመር አንድ ወጣት ከብት ዘሎ ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሸጋገርበት ሥርዐት ሲቃረብ፣ ለዘመዶች የሚላከው ጥሪ የተቋጠረ ልጥ ወይም ሣር ነው። ተቀባዩ በየቀኑ አንዱን ቋጠሮ ይቈርጣል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። ይህ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ርቆ የሚሄድ መልእክት ነው፤ ላኪው በሌለበት ይናገራል፤ ተነብቦም ያልቃል።

ያገባች ሴት በአንገቷ የምታደርገው የብረት ቀለበት ስለ ጋብቻዋ ይናገራል። በተለይም የመጀመሪያ ሚስት የምትለየው ቢኜሬ በሚባለው፣ ወደ ፊት የወጣ እጀታ ያለው የአንገት ጌጥ ነው። የአገሩ ሰው ሴቲቱን ሳይጠይቅ በቤቷ ያላትን ማዕርግ ከአንገቷ ያነባል።

ፍየልም በሐመር የራሷ ድርሻ አላት። በሰሜን ቆዳዋ ገጽ እንደሚሆን አይተናል። በሐመር ቆዳዋ በጨሌና በዛጐል ተጊጦ የሴቶች ልብስ ይሆናል፤ ስትታረድም ሽማግሌዎች አንጀቷን ዘርግተው ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሰላም የሚናገረውን ይመለከታሉ፤ አንዱ ያየውን ሌላው ይከራከርበታል፤ በመጨረሻም ይስማሙበታል። የአንጀት ንባብ በደቡብ ኦሞ በሌሎችም ሕዝቦች ዘንድ ያለ ነው።

ቦርኮቶ ደግሞ የወንዶች መቀመጫና ትራስ ነው። ከአንድ ወጥ እንጨት ይጠረባል፤ ቀን ይቀመጡበታል፤ ሌሊት ራሳቸውን ያሳርፉበታል፤ በጭቃ የተሠራ የራስ ጌጥ ያለው ሰው ጌጡ መሬት እንዳይነካበት ይጠብቅለታል። ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አዲሱ ቦርኮቶ የእንጨት ቀለም ያለው ሲሆን አሮጌው ከላብና ከቅባት የተነሣ ጠቁሮ ያበራል።

እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ናቸው ማለት ነውን? አይደሉም። ነገሩን ከልኩ በላይ ማስፋት ጥናትን አይጠቅምም። መጽሐፍ ያንኑ ቃል፣ ሳይለወጥ፣ ለማያውቀው ሰውና ላልተወለደው ትውልድ ያደርሳል። ቋጠሮ የሚያደርሰው ቍጥር ብቻ ነው፤ አንጀት ከዕለቱ አያልፍም፤ ቢኜሬ የሚናገረው ስለ ለበሰችው ሴት ብቻ ነው፤ ቦርኮቶም ባለቤቱ ካልተናገረለት ዝም ይላል። በዚህ በኩል የጻፍነው «የለም» ስሕተት አልነበረም።

ስሕተቱ በሌላ በኩል ነው። መጽሐፍ ቃልና አካል ከሆነ፣ በቱርሚ ሁለቱም አሉ፤ የሌለው ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰፋው ፊደል ብቻ ነው። አካሉ በእንጨት፣ በብረት፣ በቆዳ ተሠርቷል፤ እንደ ክታብም ከሰውየው አካል ጋር ተያይዞ ይኖራል። ቃሉ ደግሞ በሽማግሌዎች አፍ አለ። እኛ ግን ፊደሉን ስላጣን አካሉንም ቃሉንም እንደሌለ ቈጠርናቸው።

፯፤ አካል ከቃል ሲለይ የሚደርሰው ጉዳት

ከቱርሚ ስንመለስ ለኤግዚቢሽን ይሆነናል ብለን አንድ አሮጌ ቦርኮቶ ገዝተን ነበር። በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን «ቦርኮቶ፤ ቱርሚ፤ እንጨት» የሚል ጽሑፍ አቆምንለት። ከተመልካቾች መካከል አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ እንጨቱ ምን ዐይነት ነው? ማን ጠረበው? ስንት ዓመት ተይዟል? ባለቤቱስ ስለ ምን ሸጠው? ብሎ ጠየቀን። ካራቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ልንመልስ አልቻልንም። ከገበያ ሻጭ እጅ ዋጋ ተከራክረን ወሰድነው እንጂ ከባለቤቱ ጋር አልተነጋገርንም። የአንድ ሰው ራስ ለዓመታት ያለሰለሰው ዕቃ በእጃችን ሲገባ እንጨት ብቻ ሆነ።

በብራና መጻሕፍት ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ነጋዴዎች አሮጌውን መጽሐፍ ከስፌቱ ፈትተው ሥዕል ያለበትን ቅጠል ለየብቻው ለጐብኚ ይሸጣሉ፤ አንድ መጽሐፍ ሙሉውን ከሚያወጣው ይልቅ ቅጠሎቹ ተበታትነው ብዙ ገንዘብ ያወጣሉና። ገዢው ቅጠሉን በመስተዋት አስገብቶ በግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ቅጠሉ ግን ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከየትኛው ደብር እንደ መጣ ማንም አያውቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ ዕቃው ከድንበር እንዳይወጣ ሊያግድ ይችላል እንጂ ቃሉ ከዕቃው እንዳይለይ ሊያግድ አይችልም። የኛ ቦርኮቶ ከኢትዮጵያ አልወጣም፤ ሆኖም ቃሉ ጠፍቷል።

፰፤ ማጠቃለያ

ሁለቱን የማያያዝ ሥራ መልካም አብነት አለው። ጂን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር የተባሉት ባልና ሚስት ከ1970 ጀምሮ በሐመር ኖረው ያጠኑትን በ1979 በሦስት ጥራዝ አሳትመዋል። ሁለተኛው ጥራዝ ባልዳምቤ በመባል የሚታወቁት የሐመር ሰው ባላምባራስ አይኬ ቤሪናስ ስለ ሕዝባቸው ኑሮና ሥርዐት በአፋቸው የተናገሩት ነው። ቃሉ የርሳቸው ነው፤ ስማቸውም በርእሱ ላይ ሰፍሯል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣ ስለ ሆነ ለቃሉ ባለቤቶች ቅርብ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሆኖም አንድ የሐመር ሽማግሌ ቃል መጽሐፍ ሊሆን እንደሚችል አረጋግጧል። በጂንካ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ደግሞ የአካባቢውን ሕዝቦች የእጅ ሥራ ሰብስቦ ይዟል። በአንዱ በኩል ቃል፣ በሌላው በኩል አካል ተሰብስቧል ማለት ነው።

ስለዚህ ለወደፊቱ ወደ ቱርሚም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ ለሚሄዱ ጓደኞቻችን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት የባለቤቱን ቃል በራሱ ቋንቋ መቅዳት ይገባል፤ ቃሉ ካልተገኘ ዕቃው በቦታው ቢቀር ይሻላል። ሁለተኛ፣ የሠሪው ስም ፈቃዱ ሆኖ ሲገኝ ይመዝገብ፤ የብራናውን ደጓሽ ስም ያጣን ሰዎች የቦርኮቶውን ጠራቢ ስም ደግመን ማጣት የለብንም። ሦስተኛ፣ ከቅጻችን ላይ «መጻሕፍትና ጽሑፎች» የሚለው ክፍል ተለውጦ «ቃል የሚሸከሙ ዕቃዎች፤ የሚናገርላቸውም ሰው» ይባል። በዚያ ክፍል ውስጥ በሰሜን መጽሐፉ፣ ክታቡና ሰንሱሉ፣ በቱርሚ ቋጠሮው፣ ቢኜሬውና ቦርኮቶው ይገባሉ፤ ልዩነታቸውም በየመስመራቸው ይገለጻል።

ጠራዥ የራሱን ቃል አይጽፍም፤ የተጻፈውን ከገበታው ጋር በክር ያስራል እንጂ። የተማሪ ጥናትም ከዚህ የራቀ ሥራ አይመስለንም። ያ ቦርኮቶ እስከ ዛሬ በእጃችን ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቱርሚ ስንሄድ ይዘነው እንሄዳለን፤ በሰኞ ገበያ ላይ የሚያውቀው ሰው እንዳለ እንጠይቃለን። ባለቤቱ ከተገኘና ዕቃውን ከፈለገው ይመለስለታል፤ እንዲቀርልን ከፈቀደም ቃሉን ቀድተን እንመጣለን። ውጤቱን በዚሁ ቡለቲን ለማሳወቅ ቃል እንገባለን።